የቢሮ ስልክ ማዞሪያን ማስተዳደር፦ ከሽቦው እስከ መደወያ ፈቃዱ

ሃያ ሠላሳ ሠራተኛ ባለበት ቢሮ ስልክ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ማዞሪያ፣ ማለትም የውጭ መስመሮችን ለሠራተኞቹ ስልኮች የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ችግሩ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ማን ወዴት መደወል እንደሚችል የወሰነ የለም፤ ያለፈው ባለሙያም የነካካውን ሳይጽፍ ሄዷል። ስለዚህ እዚህ ከፕሮግራሙ በፊት ደብተሩ ይቀድማል።

ለምሳሌነት የያዝነው ፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲኢኤስ824ን ነው። ይህ ማዞሪያ ከሣጥኑ ሲወጣ ሦስት የውጭ መስመርና ስምንት የውስጥ መስመር ይቀበላል፤ ካርድ ሲጨመርበት እስከ ስምንት የውጭና ሃያ አራት የውስጥ ይደርሳል። የሌላ ፋብሪካ ማዞሪያ ያላችሁ ኮዶቹ ይለያዩባችኋል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ ካርታው

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አንድ ተራ ባለ ሁለት ሽቦ የጠረጴዛ ስልክ፣ ቴስተር፣ ቃና ላኪና መፈለጊያ (ቶነር የሚባለው)፣ የክሮን መምቻ (ክሮን ሽቦዎቹ ተራ በተራ የሚያያዙበት መቀበያ ነው)፣ የሚለጠፍ ወረቀትና ደብተር።

ከውጭ መስመሮቹ ይጀምሩ። እያንዳንዱን ከማዞሪያው ነቅለው ተራውን ስልክ ይሰኩበትና ወደ ሞባይልዎ ይደውሉ። በማሳያው ላይ የወጣውን ቁጥር ሽቦው ላይ ይለጥፉ። ሥራ የለቀቀ፣ ሒሳቡ ግን በየወሩ የሚከፈልበት መስመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። በቴስተሩም ይለኩ፦ መነጋገሪያው ሳይነሳ ጤነኛ የውጭ መስመር ወደ 48 ቮልት ቀጥተኛ ያሳያል፤ ሲነሳ ከ6 እስከ 12 ቮልት ይወርዳል። 30 ወይም 35 ቮልት ካነበቡ የሆነ ቦታ እርጥበት ወይም የተረሳ በትይዩ የተሰካ ስልክ ሊኖር ይችላል። ስልኩ እየደወለ ባዶ ሽቦ አይንኩ፤ የደወሉ ኃይል ከ75 ቮልት በላይ ተለዋዋጭ ነው፣ ክፉኛ ይነዝራል።

ከዚያ ወደ ውስጥ መስመሮቹ ይሂዱ። ሠራተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ሶኬት ላይ ቃና ላኪውን ይስኩ፤ ወደ ማከፋፈያው (የክፍሎቹ ሽቦዎች ሁሉ ወደሚገናኙበት ሣጥን) ይመለሱና የመፈለጊያውን ጫፍ በክሮኑ የሽቦ ጥንዶች ላይ ያስኪዱ። ቃናው ወደ ጎረቤት ጥንዶችም ስለሚፈስ ሦስት አራት ቦታ ይሰማል። ጆሮን ማመን አይበቃም፤ በጣም ከሚጮኸው ጥንድ ሁለቱን ሽቦዎች በመጠምዘዣ ጫፍ ያገናኙ። ቃናው በአንዴ ጸጥ ካለ ጥንዱ ያ ነው። ካልተቀየረ ጎረቤቱን ነው የያዙት። በዚህ ሥራ ጊዜ ጥንዱ ከማዞሪያው የተነቀለ መሆን አለበት።

አራት ሽቦ ባለው የፓናሶኒክ መስመር መሃለኞቹ ሁለቱ የድምፅ ናቸው፤ ዳርና ዳር ያሉት የዳታ። ተራ ስልክ መሃለኞቹን ብቻ ይፈልጋል። ባለ ማሳያው የፋብሪካው (የፓናሶኒክ የራሱ) ስልክ አራቱም ካልደረሱት ማሳያው አይበራም። «ስልኩ ሞተ» ተብሎ አዲስ ከመግዛት በፊት ተራ ስልክ እዚያው ሶኬት ላይ ይሰኩ፤ ተራው ሠርቶ ባለ ማሳያው እንቢ ካለ፣ ዳር ካሉት አንዱ ሽቦ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ መስመር የሚጻፈው፦ የክፍሉ ስም፣ የሶኬቱ ቁጥር፣ ክሮኑ ላይ ያለው ጥንድ፣ የማዞሪያው ጃክ፣ የውስጥ ቁጥሩ፣ የስልኩ ዓይነት፣ የፈቃድ ደረጃው። በእርሳስ ይጻፍ፤ ለውጥ ሲደረግ ቀኑ አጠገቡ ይግባ። አንድ ቅጂ ማከፋፈያው ሣጥን በር ውስጥ ይለጠፍ፣ ሌላው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

ጃክና ቁጥር አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ አስተዳዳሪዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ነውና። ጃክ ማለት ሽቦው የሚሰካበት ቀዳዳ ነው፣ ከ01 እስከ 24። የውስጥ ቁጥር ደግሞ ሰዎች የሚደውሉት ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጃክ 01 ቁጥሩ 101፣ ጃክ 02 ደግሞ 102 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩን በፕሮግራም መቀየር ይቻላል። የመደወል ፈቃዱ፣ ከውጭ ሲደወል ይጩኽ አይጩኽ የሚለው ቅንብር፣ እነዚህ ሁሉ የታሰሩት ግን በጃኩ እንጂ በቁጥሩ አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ ተዛወሩ እንበል። ቁጥራቸው 105 ይከተላቸው ተባለ። አስተዳዳሪው በፕሮግራም የአራተኛ ፎቁን ጃክ 105 ብሎ የቀድሞውን 118 አደረገው። ቁጥሩ ተከተላቸው። ወደ ውጭ አገር የመደወል ፈቃዱ ግን ሁለተኛ ፎቅ ቀረ፤ አሁን እዚያ የተቀመጠው ተለማማጅ በ118 ወደፈለገበት ይደውላል፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሞባይል እንኳ መደወል አልቻሉም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰው ሲዛወር ፕሮግራሙን አይንኩ፤ ማከፋፈያው ላይ መዝለያ ሽቦውን (ጥንድን ከጥንድ የሚያገናኘውን) ነቅለው የጃኩን ጥንድ ወደ አዲሱ ክፍል ያሸጋግሩ። ቁጥርም ፈቃድም ደወልም አብረው ይሄዳሉ። ሥራው አምስት ደቂቃ ነው፣ ካርታው ካለ።

ቁጥር አሰጣጡን በተመለከተ ማዞሪያው ሦስት ዕቅድ አለው፤ አንደኛው ከ100 እስከ 199፣ ሁለተኛው ከ100 እስከ 499፣ ሦስተኛው ባለ ሁለት አሃዝ ከ10 እስከ 49። ባለ ብዙ ፎቅ ቢሮ ሁለተኛውን ቢመርጥ የመጀመሪያውን አሃዝ ለፎቁ መስጠት ይችላል። ዕቅዱ ሥራ ሳይጀመር ይመረጥ፤ ኋላ መቀየር ቁጥሮችን ሁሉ እንደገና ማስገባት ነው። ቁጥሩን ለሰው ሳይሆን ለኃላፊነቱ ይስጡ። 112 የግዥ ክፍል ከሆነ፣ የግዥ ሠራተኛዋ ብትለቅም ደንበኛው 112 ብሎ ግዥን ያገኛል።

የስልክ ዝርዝሩ ወረቀት በራስ ስም ፊደል ተራ ይደርደር፤ በአባት ስም የደረደሩት ዝርዝር እኛ ዘንድ ማንም አይገለገልበትም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአንድ ላይ ይቀመጡ፤ ፈላጊው ሰውየው ስሙን በየትኛው እንደሚጽፍ አያውቅምና። ሁለት አበበ ካሉ የአባት ስም፣ ከዚያም የክፍሉ ስም ይጨመር። የስልኮቹ ማሳያ ፊደላችንን ስለማያነብ በላቲን የሚገባው ስም አጻጻፉ ከደመወዝ መዝገቡ ጋር አንድ ይሁን።

ወደ ፕሮግራሙ መግባት

ፕሮግራም የሚደረገው ጃክ 01 ላይ በተሰካ ባለ ማሳያ የፋብሪካ ስልክ ነው። መነጋገሪያው ሳይነሳ የፕሮግራም ቁልፉን፣ ከዚያ ኮከብ (*)፣ መሰላል (#)፣ ቀጥሎ የይለፍ ቁጥሩን ይጫኑ። ከፋብሪካ ሲመጣ የይለፍ ቁጥሩ 1234 ነው። ገብተው መጀመሪያ የሚያደርጉት እርሱን መቀየር ነው፤ ኮዱ 002። አዲሱ ቁጥር የቢሮው ስልክ መጨረሻ ወይም የተመሠረተበት ዓመት አይሁን። በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። የጠፋ እንደሆነ ማዞሪያውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ማለት ሁሉንም ከባዶ መጀመር ነው።

አብዝተው የሚፈልጓቸው ኮዶች እነዚህ ናቸው፦

000 — ቀንና ሰዓት
009 — የውስጥ ቁጥር መስጠት
100 — የቁጥር ዕቅድ
400 — የትኛው የውጭ መስመር እንደተሰካ ማሳወቅ
405፣ 406፣ 407 — ማን በየትኛው መስመር ወደ ውጭ ይደውል (ቀን፣ ሌሊት፣ ምሳ)
408፣ 409፣ 410 — ከውጭ ሲደወል የቱ ስልክ ይጩኽ (በዚያው ቅደም ተከተል)
414፣ 415፣ 416 — ጥሪው ሲገባ በምን ዓይነት ይስተናገድ
601፣ 602፣ 603 — የፈቃድ ደረጃ (በዚያው ቅደም ተከተል)

አንድ ነገር ካስገቡ በኋላ የማስቀመጫውን ቁልፍ ካልተጫኑ ያስገቡት ይጠፋል። ጀማሪ ሁሉ «አስገብቼው ነበር፣ አልያዘም» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። 999 የሚባለውን ኮድ ደግሞ አይንኩት፤ ሁሉንም ያጠፋል።

ማዞሪያው የዩኤስቢ መግቢያ አለው፤ ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው የፋብሪካው ፕሮግራም ሁሉንም ቅንብር በፋይል ማስቀመጥ ይቻላል። ከማንኛውም ለውጥ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ስሙ ቀኑን ይያዝ። ለውጥ የሚደረገው ቢሮ ሳይከፈት ወይም ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ቢያንስ አንድ ከውጭ የገባና አንድ ወደ ውጭ የወጣ ጥሪ ሞክረው ካልሆነ ከቢሮው አይውጡ።

ደዋዩ መጀመሪያ ምን ያገኛል?

ሦስት መስመር ያለው ቢሮ ለደንበኛ የሚያሳውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ይሁን። የቴሌኮም ድርጅቱን መስመሮቹን በተከታታይ እንዲያያይዝ ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው ሲያዝ ጥሪው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ይወርዳል። ይህ የሚሠራው በድርጅቱ የስልክ ማዕከል በኩል ነው፤ የእርስዎ ማዞሪያ የተያዘ መስመር ላይ የሚደወልን ጥሪ አያየውም።

ይህ ከተደረገ በኋላ ሠራተኞች ወደ ውጭ ሲደውሉ የመጀመሪያውን መስመር እንዳይዙት በ405 ይንሱት። ካልነሱት ሁለት ነገር ይሆናል። አንዱ ግልጽ ነው፤ ዋናው ቁጥር ይያዛል። ሁለተኛው ሰውን ግራ የሚያጋባው ነው፦ ሠራተኛዋ ለመደወል 9 ስትጫን በዚያው ቅጽበት ጥሪ እየገባ ከሆነ የማታውቀው ሰው «ሃሎ» ሲላት ትሰማለች። መስመር ተጠላለፈ ይባላል፤ የተጠላለፈ ግን የለም፣ ሁለቱ ጥሪዎች በአንድ መስመር ላይ ተጋጭተው ነው።

የተቀዳ መልእክት በዚህ ሞዴል ላይ ለብቻ የሚገዛ ካርድ ይፈልጋል። ከተገዛ መልእክቱ ይጠር። የድርጅቱ ስም፣ ቀጥሎ «የውስጥ ቁጥሩን የሚያውቁ ከሆነ አሁን ይጫኑ፤ ካልሆነ መስመሩ ላይ ይቆዩ» ይበቃል። ከዚያ ወደ ኦፕሬተሯ ይለፍ። «ለሽያጭ 1፣ ለሒሳብ 2፣ ለሰው ኃይል 3» እያለ እስከ 8 የሚወርድ መልእክት ለሃያ ሠራተኛ ቢሮ አይሆንም፤ ደዋዩ ምርጫውን ሰምቶ ሳይጨርስ ይዘጋል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የሚቀዳ ከሆነ እያንዳንዱ ከአምስት ሰከንድ አይለፍ። ሲቀዱ መስኮት ዘግተው፣ በመነጋገሪያው እንጂ በድምፅ ማጉያው አይሁን፤ ማጉያው የክፍሉን ማስተጋባት ጨምሮ ይይዛል።

ሰዓቱ፣ ምሳውና በዓሉ

ማዞሪያው ቀን፣ ምሳና ሌሊት የሚላቸውን በራሱ መቀያየር ይችላል፤ በኮድ 101 ራስ በራስ እንዲሆን ይደረጋል፣ በኮድ 102 ሰዓቶቹ በየሳምንቱ ቀን ይገባሉ። የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓት ነው። ጠዋት 2:30 ብለው 2:30 ካስገቡ ማዞሪያው ከሌሊቱ 8:30 ላይ የቀኑን ቅንብር ይጀምራል፤ ባዶ ቢሮ ውስጥ ስልክ ይጮኻል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓት እንሂድ፦ ጠዋት 2:30 የሚገባው 8:30 ጠዋት ተብሎ ነው፤ ምሳ 6:30 የሚገባው 12:30 ቀን ተብሎ፤ ከምሳ መመለሻ 7:30 የሚገባው 1:30 ከሰዓት፤ ማታ 11:30 የሚገባው 5:30 ከሰዓት ተብሎ። ዓርብ ምሳ ከ5:30 ጀምሮ ስለሆነ የዓርብ ረድፍ ለብቻው 11:30 ጠዋት ይግባ። ዓርብን እንደሌላው ቀን ከተዉት፣ ሶላት የሄደው ሠራተኛ ስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጮኽ ይቆያል።

ይህ ሞዴል በዓልን በራሱ አያውቅም። በዋዜማው ማታ በእጅ ወደ ሌሊት ቅንብር ይቀየር፤ ሲመለሱም መልሶ ወደ ራስ በራስ ማድረግ አይረሳ። የበዓል ሠንጠረዥ ያላቸው አዳዲስ ማዞሪያዎች ቀኑን የሚቀበሉት በፈረንጆቹ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ የእኛ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። እንደ 2016 ሁሉ የ2020 ዓ.ም. እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12፣ 2027 ላይ ይውላል። በዚያው ዓመት መስቀል ከ27 ወደ 28፣ ጥምቀትም ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሸጋገራሉ። ኢድና መውሊድ ከዓመት ዓመት ስለሚዞሩ በየዓመቱ በእጅ ይገባሉ። ስለዚህ «በየዓመቱ ይደገም» የሚለውን ምልክት አያድርጉ፤ ጳጉሜን ላይ ሠንጠረዡን አዲስ ይሙሉ።

ማን ወዴት ይደውል

የቢሮ ገንዘብ የሚፈስሰው እዚህ ነው። ማዞሪያው አምስት የፈቃድ ደረጃ አለው። 1ኛው ምንም ክልከላ የለበትም፤ 5ኛው በጣም የታሰረው ነው። የተከለከሉት ቁጥሮች መነሻ ከ302 እስከ 305 ባሉት ኮዶች ይገባል፤ ክልከላው ይደራረባል፣ ማለትም 3ኛ ደረጃ የ2ኛውንም የራሱንም ክልከላ ይሸከማል። ለአዲስ አበባ ቢሮ እንዲህ ማደል ይስማማል፦

2ኛ ደረጃ (302)፦ 00 ይከልከል፤ ይህ የውጭ አገር ጥሪ ነው።
3ኛ ደረጃ (303)፦ 09 እና 07፤ ሞባይሎቹ።
4ኛ ደረጃ (304)፦ 02፣ 03፣ 04 እና 05፤ ክፍለ ሀገር። የሚቀረው 011 ነው።
5ኛ ደረጃ (305)፦ ከ0 እስከ 9 ያሉት ሁሉ፤ የውስጥ ጥሪ ብቻ።

የውጭ መስመር መያዣውን 9 በክልከላው ውስጥ አያስገቡ። ማዞሪያው የሚያነጻጽረው ከ9 በኋላ የተጫነውን ነው፤ 900 ብለው ከጻፉ 00 ክፍት ሆኖ ይቀራል። ይህ ስህተት በብዛት ይታያል፤ የሚታወቀውም የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ ካስገቡ በኋላ በዚያ ደረጃ ካለ ስልክ ላይ ራስዎ ደውለው ይሞክሩ።

የ5ኛውን ደረጃ ሲያስሩ የአደጋ ቁጥሮችን በፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡ፦ 991 ፖሊስ፣ 939 እሳትና አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ። የጥበቃ ቤቱ ስልክ ሌሊት እሳት አይቶ መደወል ካልቻለ የቆጠብነው ብር ምንም አይጠቅምም።

ሌሊቱን በ602 ለብቻው ያስተካክሉ። ቀን 1ኛ ወይም 2ኛ ደረጃ የነበረው ስልክ ሌሊት 5ኛ ይሁን፤ ጽዳትና ጥበቃ ብቻ ያለበት ሰዓት ላይ የሒሳብ ክፍሉ ስልክ ዱባይ መደወል የለበትም። ጥበቃው የአስተዳደር ኃላፊውን ሞባይል መደወል ካለበት ደረጃውን አይፍቱለት፤ ያንን አንድ ቁጥር በማዞሪያው የአጭር መደወያ ማህደር ውስጥ አስገብተው፣ ማህደሩ ክልከላን እንዲያልፍ ይፍቀዱ። የሚደውለው ለዚያ ሰው ብቻ ይሆናል።

ክልከላውን የሚያልፉ ቀዳዳዎችም አሉ። ከማዞሪያው በፊት በትይዩ የተሰካ ስልክ ለምንም ደንብ አይገዛም፤ ካርታውን ሲሠሩ የተገኘ እንደሆነ ይነቀል። ጥሪን ወደ ሞባይል ማሸጋገር ደግሞ ሁለት የውጭ መስመር በአንዴ ይይዛል፣ አንዱ የገባበት አንዱ የወጣበት፤ ሦስት መስመር ያለው ቢሮ አንድ ኃላፊ ስልኩን ወደ ሞባይሉ ሲያዞር አንድ መስመር ብቻ ይቀረዋል፣ የወጪው ጥሪ ክፍያም የቢሮው ነው። ለሁለት ሦስት ሰው ብቻ ይፈቀድ። የመልእክት ካርዱ ካለ፣ ከውጭ የደወለ ሰው በመልእክቱ ውስጥ ሆኖ 9 ተጭኖ የቢሮውን መስመር መያዝ የሚችልበት ቅንብር አለው፤ ዲሳ ይባላል። የጥበቃ ቅንብሩን ከውጭ የመጣ ደዋይ የውጭ መስመር እንዳይዝ በሚያደርገው ላይ ያድርጉት። ሌሊት ሌሊት ወደማይታወቅ አገር የወጡ ጥሪዎች በብዛት በዚህ በር ነው የሚወጡት።

ማዞሪያው ጥሪዎችን ሁሉ በተከታታይ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይልካል፤ ፍጥነቱ ከፋብሪካ ሲወጣ 9600 ቢት በሰከንድ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የውስጥ ቁጥር፣ የውጭ መስመር፣ የተደወለው ቁጥርና የቆየበት ጊዜ ይመዘገባል። በወር አንዴ ሒሳቡ ሲመጣ ያስተያዩት። መጀመሪያ የሚታየው ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ያለው ነው፣ ቀጥሎ እሑድ።

መብራት ሲጠፋ

ኃይል ሲቋረጥ ይህ ማዞሪያ የመጀመሪያውን የውጭ መስመር በቀጥታ ከጃክ 01 ጋር ያገናኛል። ጃክ 01 ላይ ግን ባለ ማሳያው ስልክ ብቻ ከተሰካ እርሱም ያለ ኃይል አይሠራም። መሃለኞቹን ሁለት ሽቦዎች ወስደው ተራ ስልክ በትይዩ ያድርጉ፤ መብራት ሲጠፋ ቢሮው ቢያንስ በአንድ ስልክ ይሰማል። ልብ ይበሉ፦ መስመሩ በፋይበር ሣጥን በኩል የሚመጣ ከሆነ ያ ሣጥንም በመብራት ነው የሚሠራው፤ ከዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል ከሚሰጠው ሣጥን) ጋር ካልተያያዘ ይህ መላ ዋጋ የለውም።

ዩፒኤስ ሲመርጡ የማዞሪያውንና የፋይበር ሣጥኑን ዋት ከመለያቸው ላይ አንብበው ይደምሩ። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ የሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ቢሆን ነው። 40 ዋት ለሚበላ ጭነት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሠራል። ባትሪው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ስለሚደክም በየስድስት ወሩ ሶኬቱን ነቅለው ሰዓት ይያዙ። የኮምፒውተርና የማተሚያ ማሽን ገመድ እዚያ ላይ አይሰካ። የመሬት ሽቦም በትክክል ይታሰር፤ በክረምት መብረቅ በውጭ መስመሩ ሲመጣ የመስመር መከላከያው መሬት ካላገኘ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ካርዱ ነው።

ሲበላሽ

ጥሪው አለቀ፣ መስመሩ ግን አልተለቀቀም። በጣም የሚያደክመው ይህ ነው። ከውጭ የደወለው ሰው ዘግቷል፣ ማዞሪያው ግን መስመሩን እንደያዘ ነው፤ ዋናው ቁጥር ላይ የሚደውል ሁሉ ተይዟል የሚል ቃና ይሰማል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ደዋዩ ሲዘጋ ማዕከሉ በመስመሩ ላይ ምልክት መስጠት አለበት፤ ኃይሉን ለአፍታ በማቋረጥ ወይም የሽቦዎቹን አቅጣጫ በመገልበጥ። ማዞሪያው የሚጠብቀው ምልክት ካልመጣ መዘጋቱን አያውቅም። በተለይ ጥሪው ወደ መልእክት ካርድ ወይም ወደ ሞባይል የተሸጋገረ ከሆነ በዚህ በኩል ስልኩን የሚዘጋ ሰው የለም። ቴስተሩን መስመሩ ላይ አድርገው ሌላ ሰው ከውጭ ደውሎ እንዲዘጋ ያድርጉ፤ ቮልቱ ለአፍታ ወደ ዜሮ ከወረደ ምልክቱ አለ፣ ማዞሪያው ላይ የምልክቱ ቆይታ ነው የሚስተካከለው። ካልወረደ የቴሌኮም ድርጅቱ አገልግሎቱን እንዲያበራ ይጠይቁ። እስከዚያው በካርዱ የሚስተናገድና ከውጭ ወደ ውጭ የሚሸጋገር ጥሪ የቆይታ ገደብ ያስገቡለት።

ሲያስተላልፉ ይቋረጣል። በተራ ስልክ ላይ የፍላሽ ቁልፍ መስመሩን ለአጭር ጊዜ ይቆርጣል፤ ስልኩ 600 ሚሊ ሰከንድ ቆርጦ ማዞሪያው ያን እንደ መዝጋት ከቆጠረው ጥሪው ይሞታል። ሆዱ ላይ ማስተካከያ ያለው ስልክ ወደ 300 ወይም 100 ይውረድ። ከሌለው የማዞሪያው የፍላሽ ጊዜ ይስፋ። ቢሮው ውስጥ የተለያየ ስልክ ሲበዛ ይህ ብልሽት ይበዛል፤ ሲገዙ አንድ ዓይነት ይግዙ።

ዝናብ ሲዘንብ ይንኮሻኮሻል። የውጭ መስመሩን ከማዞሪያው ነቅለው በመግቢያው ሣጥን ላይ ተራ ስልክ ይሰኩ። እዚያም ከተንኮሻኮሸ ውኃ የገባው ወደ ውጭ ባለው መጋጠሚያ ነው፤ ብልሽት ያስመዝግቡ፣ ቮልቱንም አብረው ይንገሩ። ጥርት ያለ ከሆነ ችግሩ በእርስዎ ክፍል ነው፤ ግማሽ ግማሽ እያደረጉ ይነቅላሉ።

የማያቋርጥ የሽሽታ ድምፅ ካለና መስመሩ ኢንተርኔትም የሚሸከም ከሆነ መለያው (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለየው ስፕሊተር) ከማዞሪያው በኋላ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። መስመሩ መጀመሪያ መለያው ውስጥ ይግባ፤ የስልክ ጫፉ ወደ ማዞሪያው፣ የኢንተርኔቱ ወደ ሞደሙ።

በኔትወርክ ገመድ ለሚሠሩ የአይፒ ስልኮች ጥቂት ነገር ይጨመር። አንድ ጥሪ በጂ.711 (ድምፅን ወደ ዳታ በሚለውጠው ዘዴ) በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 87 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ አሥር ሰው አንዴ ሲያወራ አንድ ሜጋ ቢት ይጠጋል፣ ያ ደግሞ ሰው ቪዲዮ ከሚያይበት ኔትወርክ መለየት አለበት። አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን (የጥሪ መልእክቶችን የሚነካካ ቅንብር) አጥፍተው ይሞክሩ። የአይፒ ስልክ ጥሪ የሚገባበትን ወደብ 5060ን ለኢንተርኔት ክፍት አያድርጉ፤ የይለፍ ቃል የሚገምቱ ማሽኖች ሳይቆዩ ያገኙታል። የውስጥ ቁጥር 101 የይለፍ ቃሉም 101 የሆነበት ቢሮ ሌሊቱን ሌላ ሰው በሒሳቡ ሲያወራበት ያድራል።

ሠራተኛ ሲለቅ በዚያው ቀን፦ ወደ ሞባይል ያዞረው ካለ ይነሳ፣ የግል የይለፍ ቁጥሩ ይቀየር፣ የጃኩ ፈቃድ ደረጃ ወደ 4ኛ ይውረድ፣ ደብተሩ ላይ ቀኑ ይጻፍ። የለቀቀው የማዞሪያውን የይለፍ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ከሆነ 002 እንደገና ይቀየር፣ ፖስታው ይታደስ።